አባቴ የነፈጉኝ «ጎበዝ»

ወረታ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነኝ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ «ጎበዝ» እንደምል አንዲት ተማሪዬ ቆጥራ ነግራኝ ስላፈርሁ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ሰሌዳ ላጠፋ ጎበዝ፣ መስኮት ለከፈተ ጎበዝ፣ ጥያቄውን ለመለሰ ጎበዝ፣ ለተሳሳተ ደግሞ «ጎበዝ፣ እስቲ ሌላ ሰው ይሞክር»። አንድ ቀን ሲያስነጥሰው አፉን በክንዱ ለሸፈነ ልጅም ብያለሁ። ቃሉ ከአፌ የሚወጣው ሳላስበው ነው።

አባቴ እንዲህ አይደሉም። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን እንዳለፈ ያምናሉ፤ በስንት እንዳለፈ ሲጠየቁ ግን ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። እህቴ አግብታ ከወጣችና እናቴ ከሞተች ወዲህ እቤት የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። ጠዋት ከተማ ገብቼ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ፣ ማታ እንጨቃጨቃለን። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። ልጅ ሆኜ አንደኛ የወጣሁ ጊዜ ካርዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩና «ወረቀቱ ጠንካራ ነው» አሉ። የተመረቅሁ ቀን ጥቁሩን ካባ በሁለት ጣታቸው ይዘው ጨርቁ በከንቱ እንደባከነ፣ ከሱ ሁለት ቀሚስ ይወጣ እንደነበር ነገሩኝ። ፎቶው ላይ እኔ ተኮሳትሬ፣ እሳቸው ካባውን ሲለኩ እንታያለን።

ትልቅ ሰው ሆኜ ነገሩን ረስቼዋለሁ ብዬ አልዋሽም። አልረሳሁትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሳቸው አፍ፣ ያችን ቃል እንድሰማ እፈልግ ነበር። የፈለግሁበት ልክ ያሳፍራል።

ትምህርት ቤታችን የቋንቋ ቀን ሲያዘጋጅ እያንዳንዱ የአማርኛ መምህር አንድ ቃል መርጦ ትርጉሙን ከነታሪኩ እንዲያቀርብ ተባለ። ባልደረባዬ «ፍቅር»ን መረጠ፤ ያላገባ ሰው ነው። እኔ «ጎበዝ»ን መረጥሁ። ደብተር ገዛሁና ሰው መጠየቅ ጀመርሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት እደብራችን መሪጌታ ዘንድ ነው። መሪጌታ ጥያቄዬን ሰምተው ሳቁብኝ። ጎበዝ ማለት ድሮ ትምህርት የገባው ማለት አልነበረም አሉኝ፤ ዕድሜ ነው። ልጅነት አለ፣ ጉብዝና አለ፣ ሽምግልና አለ፤ በመካከለኛው ያለ ሁሉ፣ ጦር መወርወር የሚችል፣ ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ የሚሻገር፣ ቢደነቁርም እንኳ ጎበዝ ይባላል። እርስዎስ ጎበዝ ነበሩ ወይ ስላቸው፣ አዎ፣ እንደ ኩፍኝ ሁሉንም ሰው አንዴ ይዞ የሚለቅ ነገር ነው፣ እሳቸውንም ይዞ ለቋቸዋል አሉኝ። ደብተሬ ላይ «ኩፍኝ» ብዬ ጻፍሁ።

ከዚያ ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጡትን እናት ጠየቅኋቸው። የሳቸው ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ ነው። አያታቸው ያወሩላቸው እንደነበረ፣ የነጋዴ ቅፍለት ይፋግ ላይ ጭነቱን ሲያራግፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ዕቃው ሳይሆን አብረው ስለመጡት ጎበዞች ነበር፤ ስንት ናቸው፣ ምን ይዘዋል፣ በረሃውን እንዴት አለፉት። ለነጋዴ ጎበዝ ማለት ጨውን ሳያስዘርፍና ሳያስበሰብስ የሚያደርስ ሰው ነው። ስለዚህ የዛሬ ልጆች አንድ ሉክ ወረቀት ከትምህርት ቤት እቤት ሳይቀድዱ ማድረስ እያቃታቸው ጎበዝ መባላቸው ያስቃቸዋል። ይህንንም ጻፍሁ፤ የራሴን ተማሪዎች እያሰብሁ ትንሽ ተናደድሁ።

የቀረውን መንገድ ላይ ለቀምሁት። ስብሰባ የሚከፍት ሽማግሌ፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሁሉ ጥርስ የሌለው ቢሆንም «ጎበዝ፣ እንግዲህ ምን ይሻለናል?» ይላል። ባጃጁን ጭቃ ውስጥ የዘፈቀ ሹፌር ከአላፊ አግዳሚው የሚሰማው «ጎበዝ!» ደግሞ ስድብ ነው። ጤና ጣቢያ ነርሷ «ጎበዝ ነህ አይደል?» ስትል ልጆች ወዲያው ማልቀስ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ መርፌ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

አንድ ትርጉም ብቻ ቀረኝ፤ የጎበዝ አለቃ። መንግሥት በላላበት ዘመን ያገሬው ሰው ከመካከሉ አንዱን መርጦ ከብት የሚያስጠብቅ፣ ሌባ የሚያስይዝ፣ ጠብ የሚያበርድ አለቃ ያደርገው ነበር። ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አላስፈለገኝም፤ አባቴ አንድ መንግሥት ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ባለው ጊዜ የሰፈራችን የጎበዝ አለቃ ነበሩ። ለምን እንደተመረጡ ስጠይቃቸው ድምፃቸው ትልቅ ስለነበር ነው አሉኝ። የቋንቋው ቀን መጥተው እንዲናገሩ ለመንኋቸው። ሁለት ቀን አስለምነውኝ እሺ አሉ። እውነቱን ለመናገር እዚያ መድረክ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ስለ እኔ አንድ ነገር ይሉ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መድረክ ወጡ። ማይክራፎኑን አልፈለጉትም። አለቃ በሆኑበት ዓመት ሐይቁ ዳር ካለው የሩዝ ማሳ በየቀኑ እየታጨደ የሚጠፋ ሰብል እንደነበረ፣ ሌባ ነው ተብሎ ሃያ ጎበዝ አስከትለው ጎሕ ሲቀድ ውሃው ዳር የበቀለውን ደንገል እንደከበቡ አወሩ። ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰምተው በዚያ ትልቅ ድምፃቸው «እጅህን ስጥ!» አሉ። ደንገሉ ተከፈተና ጉማሬ ወጣ። አንድ ልጅ ከዚያስ ምን አደረጉ ብሎ ጮኾ ጠየቃቸው። አባቴ ሳያፍሩ ሮጥን አሉ። ማን ቀደመ ሲባሉም እኔ አሉ፤ አለቃ ነኛ፣ ሁልጊዜ ከፊት ነው የምሄደው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እንደዚያ ቀን ኮርቼባቸው አላውቅም።

ያኔ ርእሰ መምህራችን፣ እግዜር ይይለትና፣ ነገሩን ለማሳመር ብሎ ተነሣ።

«አባታችን፣ ልጅዎትም ከጎበዝ መምህሮቻችን አንዷ ናት። እቤትስ እንዴት ናት፣ ጎበዝ ናት?»

አባቴ ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ማ? ይች? ይች ምን ትረባለች። ላም ብታልብ ወተቱ መሬት ነው፣ እርሻ ብትገባ ጭቃው ውስጥ ተዘርራ እኔ ነኝ የማወጣት። ጽሑፍ ብቻ። ጽሑፍ ደግሞ አይበላም።»

ከዚያ በኋላ ስለ «ጎበዝ» ያዘጋጀሁትን ንግግር ያቀረብሁት የተሰበሰበው ሰው በሙሉ ወተቱ እንዴት እንደሚደፋ እያሰበ ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ተማሪዎቼ ወደ ክፍል ስገባ መንገዱ ላይ ጭቃ እንዳለ ያስጠነቅቁኝ ጀመር።

አኮረፍሁ። አምስት ቀን ሙሉ ራት አቅርቤ ሳልናገር ወጣሁ። አባቴ ማኮረፌን ያስተዋሉት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ጉሮሮዬን ያመመኝ መስሏቸው ማር አመጡልኝ። ማሩን በላሁ፤ ኩርፊያውን ግን አልተውሁም።

በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በሬ ለመሸጥ ይፋግ ገበያ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። የሚሸጠው ዳልቻው ነው። ዳልቻው መሀል ትልም ላይ የሚተኛ በሬ ነው። ሲነሣም ወደመጣበት ነው የሚዞረው። ብቻውን መንገድ ስለማይሄድ ጥማዱን ቡሬውን አብረን ነዳነው። ቡሬው ጎረቤቱ ሁሉ የሚዋሰው፣ ሜዳው ላይ ካለው በሬ ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ከብት ተራ እንደገባን አባቴ ተለወጡ። አንድ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ቀርበው ዳልቻውን ጥርሱን ሲያዩት፣ አባቴ በዚያ መድረክ ላይ በሰማሁት ድምፅ ጀመሩ። ጎበዝ ነው። ቀኝ ቢጠምዱት ጎበዝ፣ ግራ ቢጠምዱት ጎበዝ። ውሃ ሲሻገር ጎበዝ። ጭድ ሲበላ ሳይቀር ጎበዝ። ጆሮዬን አላመንሁም። ደብተሬን አውጥቼ በየ«ጎበዙ» አንድ ጭረት ማስመር ጀመርሁ፤ ሽማግሌው ከቀረጥ ቤት የተላክሁ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ገላመጡኝ። አሥራ አንድ ጭረት አሰመርሁ። አሥራ አንድ ጊዜ፣ መሀል ትልም ላይ ለሚተኛ በሬ። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን አንድ አላገኘሁም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የከብት ተራ አቧራ ነው እንዳይባል ደግሞ ዝናብ ጥሎ ነበር።

ሽማግሌው ግን ዳልቻውን ትተው ወደ ቡሬው ዞሩ።

«ይሄኛውስ?»

አባቴ በሬውን በሰውነታቸው ጋረዱት። እሱ ከንቱ ነው አሉ። ልግመኛ ነው፣ ይዋጋል፣ አንድ ዓይኑ አያይም፣ ሲበላ እንጂ ሲሠራ አይታይም፤ ከዳልቻው ጋር ስለለመደ ብቻ ነው የመጣ። ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ። ወደ እኔ ዞር ብለው በረጋ ድምፅ «አየሽ ልጄ» አሉኝ፤ «ገበሬ የሚያመሰግነው ሊሰጥ የቆረጠውን ነው። የሚሳሳለትን ይሰድበዋል፤ ሰው ዓይኑን እንዳይጥልበት፣ ስጠኝ እንዳይለው። እኔም እንዲሁ ነኝ። ስለዚህ የምፈልግ የተሰደበውን ነበር፤ ግን አይሰጡኝም።»

አባቴ አይሰጡም ነበር። ሽማግሌው ዳልቻውን ገዝተው ሄዱ፤ እንደሚተኛ ሳያውቁ የገዙ አይመስለኝም፤ አሥራ አንድ ጊዜ የተመሰገነ በሬ ምን ዓይነት በሬ እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ስንመለስ ከኋላ ሆኜ እየሰማኋቸው ሄድሁ። አባቴ መንገዱን ሙሉ የቡሬውን ሻኛ እየዳበሱ ይሰድቡታል። አንተ ልግመኛ። አንተ የማትረባ። በሬው ጆሮውን እያወዛወዘ ይሰማቸዋል። እኔም የማውቀው ሁሉ አንድ በአንድ ተገለባበጠብኝ። እህቴ የተዳረች ቀን አባቴ ለአማቾቿ «ጎበዝ ልጅ ሰጠኋችሁ» ብለው ተናግረው ነበር። እኔ በቅናት ድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ። እሳቸው ግን ከዚያ ሳምንት ሙሉ ታመው ተኙ፤ ሰዉ የሠርጉ ጠላ ነው አለ። እናቴን ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ የሚጠሯት በአንድ ቃል ነበር።

«አባባ፣ እናቴን ምን ነበር የሚሏት?» አልኋቸው።

ሳይዞሩ «ገልቱ» አሉ። ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ በቀስታ፣ «ያች ገልቱ» አሉና አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

እናቴ ሜዳውን ያጠገበች ሴት ነበረች። የተቀበረች ቀን ሰዉ ሁሉ ሲያመሰግናት አባቴ ብቻ ወጥ ማማሰል እንኳ አታውቅም ነበር ብለው መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ያኔ በጣም ተቆጥቻቸው ነበር። ይህን ሳስብ መንገዱ ዳር ቆም ብዬ ያደረግሁባቸውን ኩርፊያ ሁሉ ልመልስ ፈለግሁ፤ ኩርፊያ ግን አይመለስም፤ ስለዚህ የቡሬውን ገመድ ተቀበልኋቸው። አያያዜ እንደማያምር ነገሩኝ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ የምፈልገው ነገር ተገለበጠ። ያች ቃል እንዳትወጣ ፈራሁ። የባሰው ደግሞ ወሩ ሳይወጣ ጎንደር ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪዬን እንድማር ተፈቀደልኝ፤ ሁለት ዓመት። ደብዳቤውን ሳነብላቸው አባቴ የሳጥናቸውን የላላ ቁልፍ ሲያጠብቁ ቆዩና «ሂጂ እንጂ» አሉ። ጎበዝ ግን አላሉም። በየቀኑ አፋቸውን መጠበቅ ያዝሁ። ጎረቤት ሊሰናበተኝ መጥቶ «ጎበዝ ልጅ አለችዎት» ሲል እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ እሳቸው ዘንድሮ ርብ ወንዝ ከወትሮው ቀድሞ ሊሞላ እንደሆነ ያወራሉ። አንድ ማታ ጭልፋ ሳቀብላቸው «ጎ» ብለው ጀመሩና ልቤ ቀጥ አለ። «ጎመኑ ጨው የለውም» ብለው ጨረሱ። እፎይ ብዬ ጨው ጨመርሁ፤ አበዛሁት፤ ተሰደብሁ።

የሄድሁበት ቀን ወረታ መናኸሪያ አብረውኝ መጡ። ረዳቱ ሻንጣዬን ሚኒባሱ ላይ ጫነ። አባቴ ሻንጣው በደንብ መታሰሩን ሦስት ጊዜ በዱላቸው ነክተው አረጋገጡ። እኔ መስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ከጎኔ ሁለት ዶሮ በዘንቢል የያዘች ሴት ተቀመጠች። አባቴ መስኮቱ ሥር ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የምፈራው እንደመጣ ገባኝ፤ አሁን ሊሰጡኝ ነው፣ አሁን ያመሰግኑኛል አልሁ። ዶሮ የያዘችው ሴት ደግሞ፣ ማን ጠየቃት፣ ከላዬ ተንጠራርታ ወሬ ጀመረች።

«አባቴ፣ ልጅዎት ናት? አቤት፣ ጎበዝ ትመስላለች።»

አባቴ ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። ዱላቸውን አንሥተው የሚኒባሱን ቆርቆሮ መቱት።

«ማ? ይች? ይችን አታውቂያትም። ሰነፍ ናት። ልግመኛ ናት። ጎርፍ ሲመጣ ጥጃ ትታ መጽሐፍ ይዛ የምትወጣ ናት። ምድጃ ስትለኩስ ቤት ልታቃጥል ነው። ጎንደር ምን እንደሚያደርጓት እኔ እንጃ። ገና ዓመት ሳይሞላ መልሰው ይሰዷታል። ይመልሷት። ቤቷ እዚሁ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ እያለቀስሁ እስቅ ነበር፤ አፍንጫዬም አብሮ ይፈስ ነበር። ሴትዮዋ ደነገጠች። እጄን ይዛ፣ አይዞሽ፣ የኔም አባት ክፉ ነበር አለችኝ። አዎ፣ በጣም ክፉ ናቸው አልኋት፤ ስናገረው በኩራት ድምፄ ተሰበረ። ሴትዮዋ ይህን ውርደት ልታሳጥርልኝ ብላ ሹፌሩን ቶሎ እንዲነዳ ለመነችው። እኔ ግን ትንሽ እንዲቆይ ለመንሁት፤ አባቴ ገና አልጨረሱም ነበር።